የቀትር ማንኪያ

ሰኞ 4

ማንኪያዬ ተሰርቋል። ሌላ ሰው ተራ ነገር ይለው ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ማንኪያ ዐሥራ ሁለት ዓመት በልቻለሁ፤ ከሁለቱም ሚስቶቼ ጋር ከበላሁት ይበልጣል። እጀታው ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ዛሬ ሾርባዬን በሹካ ስጠጣ ዋልኩ፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ፣ ግማሹ ጢሜ ላይ ቀረ።

ሌባዋን እጅ ከፍንጅ ይዣታለሁ። የእህቴ ልጅ ናት። ዶሮዎቹ የእሷ ስለሆኑ፣ እኔም የምጠርገው የእሷን ዶሮ ቤት ስለሆነ፣ አለቃ እላታለሁ። ሰማያዊው በርሜል አጠገብ ቆማ በማንኪያዬ ነጭ ዱቄት እየሰፈረች፣ የተረፈውን በቢላ ጀርባ እየጠረገች አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ልክ ሆኖ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ። «እስከ ጠርዙ ሞልቼ መዘንኩት። አምስት ማንኪያ ለአንድ ሙሉ በርሜል፤ ሐኪሟ እንዳለችው።»

«እኔስ በምን ልበላ?»

«በአፍህ።»

እንዲህ ነው የእኛ ቤት ፍትሕ።

ማክሰኞ 5

ዱቄቱ የማዕድን ጨው ነው፤ ፖታሺየም፣ ሶዲየም፣ ዚንክ፣ ሌላም ስሙ የሚያነቅ ነገር አለበት። የእንስሳት ሐኪሟ የሰጠቻትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያውን ልጠግን ብቻ ነው፤ ማንበብ የተማርኩት ከመኖ ጆንያ ላይ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይከብደኝም። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፤ ዶሮ ግን ላብ የላትም። ያላት አፏ ብቻ ነው። ከፍታ ታለከልካለች፤ ስታለከልክ ሙቀቱ ይወጣል፤ የደሟ ጨው ግን ልኩን ይስታል። ያኔ መብላት ትተዋለች፣ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል፣ ሲብስባት ክንፏን ዘርግታ ትወድቃለች። ማዕድኑ የጎደለውን ለመተካት ነው።

እኔ ደግሞ ጥላ፣ እርጥብ ጆንያና ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል አልኩ። ከዚያ ውርርድ ሆነ። ዶሮ ቤቱ መሃል ለመሃል በሽቦ ተከፍሏል። በስተቀኝ ሁለት መቶ ዶሮ፣ የራሳቸው በርሜል፤ የአለቃ ወገን፣ ማዕድን የሚጠጡ። በስተግራ ሁለት መቶ፣ የራሳቸው በርሜል፤ የእኔ ወገን፣ ባዶ ውሃ። ወሩ ሲያልቅ የተሸነፈው ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል።

ዳኛዋ እህቴ ናት። ዋናው ቤት ከላይ ነው፤ ከእኔ ክፍልና ከዶሮ ቤቱ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ይለየዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጉልበቷም አብሮ ሞቷል፤ ደረጃውን ከወረደች ዓመት አለፋት። ቀኑን ሙሉ መስኮቷ ላይ ናት። ውርርዱን ከታች ሆኜ ስነግራት፣

«ሁለታችሁም ብትሸነፉ ደስታዬ ነው» አለች። «ከዚህ ቤት ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል።»

ሐሙስ 7

36 ዲግሪ። አለቃ 141 እንቁላል፤ እኔ 143። ጆንያ አርጥቤ አርጥቤ ጣቶቼ የታጠበ ልብስ መስለዋል።

እሑድ 10

37። አለቃ 138፤ እኔ 140። ስለ ሁለት እንቁላል አልፎክርም ብዬ ነበር፤ ፎከርኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ማታ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ባለው ግንብ ላይ ተቀምጠን ሳለ «እኔ እጅ ላይ የሚድን ነገር የለም» አለች። ስለ ዶሮ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አባቷ ሲታመም መድኃኒቱን በሰዓቱ በማንኪያ እየለካች የምታጠጣው እሷ ነበረች። ሥራዋን ትታ ስድስት ወር። ሰዓቱን በሙሉ ደብተር ላይ ጽፋው ነበር፤ አንድም አላሳለፈችም። ቢሆንም ሞተ። ከዚያ ነው ዶሮዎቹን ያመጣቻቸው። የሚያለከልክ ነገር ፊት መቀመጥ የለመደች ልጅ።

«ሐኪሟ ጊዜ ይፈልጋል ብላለች አይደል?» አልኳት።

«ብላለች።»

«እንግዲያው ታገሺ። እኔ ለመሸነፍ ስድሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ትንሽ ፈገግ አለች። ለዚያች ትንሽ ፈገግታ ሰው ብዙ ጅልነት ይሠራል።

ሰኞ 11

ዛሬ ቀትር ላይ ሁሉም ተኝቶ ሳለ አንዲት ተንኮል ሠራሁ። ለበጎ ነው። እዚህ አልጽፋትም፤ ደብተርም ያሳብቃል።

ረቡዕ 13

ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ብሏል፤ 34። አለቃ 149፤ እኔ 142። ልጅቷ ስትስቅ ከበሩ ውጭ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ጉሮሮህን አሟሽ። እንዴት እንደሚጠጡ ብታይ! በርሜሉን ጠጥተው ሊጨርሱት ነው።»

«ዶሮዎችሽ ሰካራም ናቸው» አልኳት።

ከመሸነፍ እንዲህ ያለ ደስታ እንደሚገኝ ማን ያውቅ ነበር። ቀትር ላይ እንደገና ሄድኩ። ማንኪያው መደርደሪያው ላይ፣ የዱቄቱ ማሰሮ አጠገቡ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስመለስ እህቴ ከመስኮቷ «በዚህ ፀሐይ ድመት እንኳ አይንቀሳቀስም። አንተ ልጅ ምን እግር ነው ያለህ?» አለችኝ። ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ አሁንም አንተ ልጅ ነኝ።

«ጆንያ ላረጥብ ነው፣ እትዬ።»

«ጆንያው በግራ በኩል መስሎኝ» አለች። ዓይኗ ደህና ነው፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የከዳት።

ዓርብ 15

38። የአለቃ ወገን ጉዝጓዝ ረጥቧል። ኩሳቸው ውሃ ሆኗል። እሷ ተንበርክካ በእጇ ስትጨብጠው አየኋት።

«ጨው በዝቶባቸው ይሆን እንዴ?»

«ብዙ የጠጣ ብዙ ይሸናል» አልኳት። «ሐኪም አያስፈልገውም።»

ማንኪያውን እንደገና መዘነችው። አምስቱንም ማንኪያ አንድ በአንድ። ልክ ነው። «ልክ ነሽ» አልኳት፤ ልክ ነበረች።

ቀትር ላይ አልሄድኩም ለማለት ነበር ይህን ገጽ የከፈትኩት።

ቅዳሜ 16

41። ቴርሞሜትሩ ተሳስቷል ብዬ ነካካሁት። አልተሳሳተም።

ንጋት ላይ ቧንቧው ተንጠባጥቦ ቆመ። ሁለቱም በርሜል ሲሶ እንኳ አልሞላም። አለቃ «ውሃው ሲሶ ስለሆነ ማዕድኑም ሲሶ፤ አንድ ከግማሽ ማንኪያ ብቻ» ብላ ለራሷ እየተናገረች ሰፈረች። ሰምቻታለሁ። ከዚያ ጀሪካን ይዛ ውሃ ፍለጋ ወጣች።

ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ጩኸት የለም። አራት መቶ ዶሮ ዝም ሲል ያስፈራል። የእሷ ወገን ብሶበታል። ዛሬ ከወደቁባት አትነሣም።

ከባድ ቀን ከባድ እጅ ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ። በርሜሉ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ አይታይም።

እሑድ 17

ስልሳ ሦስት። በእሷ ወገን። በእኔ አራት።

የሞቱትን በጆንያ አወጣን። ያልሞቱት ደግሞ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፤ ትናንት የቀለድኩበት ቃል ነው፤ አይደለም፣ ረቡዕ ነው የቀለድኩት። አለቃ አላለቀሰችም። እያንዳንዷን እየዳሰሰች ትቆጥር ነበር። ስልሳ ሦስት ላይ ስትደርስ ከአንድ ጀምራ እንደገና ቆጠረች።

ሙቀቱ ነው። አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። በየትም ዶሮ ይሞታል።

ሰኞ 18

ሐኪሟ መጣች። አጭር፣ ቁጡ፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ ሴት ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ቦርሳሽን ማን ይሸከምልሽ ብዬ አሾፍባት ነበር። አንዷን ሬሳ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

«ኩላሊቷ አብጧል። ከቆዳዋ ሥር ውሃ አለ፤ አየሽ? ሙቀት ብቻ ይህን አያደርግም። ጨው ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጨምሪው?»

«አንድ ጊዜ። ጠዋት።»

«ሌላ ሰው ይጨምራል?»

አለቃ አላመነታችም። «የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ባልዲ ይዤ ነበር። ባልዲው ባዶ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ሐኪሟ ከበርሜሉ ሥር የቀረውን ውሃ በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ተፋችው። «ይሄ የባሕር ውሃ ነው» አለች። በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «ማዕድን ልኩን ሲያልፍ መርዝ ነው። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ሳምንት ንጹሕ ውሃ ብቻ ስጫቸው።»

አለቃ «ሲሶ ነው ያደረግኩት» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲሶ ያደረግኩ መሰለኝ» አለች።

ማክሰኞ 19

ሒሳብ ሠራሁ። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ሒሳብ የሚሠራው ሲቸግረው ነው።

ሙሉ በርሜል አምስት ማንኪያ ይችላል። ቀትር ላይ ግን በርሜሉ ሙሉ አይደለም፤ ግማሹ ተጠጥቷል። ቅዳሜ ደግሞ ሲሶ ነበር የጀመረው፤ ቀትር ላይ ከሥሩ የቀረው አንድ ባልዲ ቢሆን ነው። አንድ ባልዲ ላይ ዐሥር የተከመረ ማንኪያ። አናቱን በቢላ የጠረገ የለም።

ይህን አንዴ ባስበው ኖሮ። ክዳኑን እንደከፈትኩ እጄን ብሰድ ከሥሩ የቀረው ውሃ እስከ አንጓዬ እንኳ አይደርስም ነበር። የጆንያ ጽሑፍ አነባለሁ እያልኩ ስኩራራ የበርሜል ውስጥ ማየት አቃተኝ።

ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ 20

ሰባት ተጨመሩ። እንቅልፍ ስላልተኛች አልነገርኳትም።

ሐሙስ 21

የዱቄቱን ማሰሮ ብርሃን ላይ ይዛ አገላበጠችው። «ወር ሙሉ ይበቃል ብላኝ ነበር። በሁለት ሳምንት እንዴት አለቀ?» አለችኝ። መልሱን ከእኔ አልጠበቀችም። «በየቀኑ እየሳትኩ ነበር ማለት ነው።»

«የሸጡልሽ አጉድለው ይሆናል» አልኩ።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ከአፌ ማን እንዳወጣት አላውቅም። የእኔ ድምፅ ነበራት።

እሑድ 24

የቀሩት እየተነሡ ነው። ኩሳቸው ጠጥሯል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል። ንጹሕ ውሃ ብቻ። ይህን እንደ መልካም ዜና ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። እህቴ መስኮቱ ላይ ነበረች።

«አገገሙ እትዬ።»

«ዶሮዎቹ?»

«አዎ።»

«ልጅቷስ?»

ዱላዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «አባታችን የሰበርከውን ማሰሮ ያገኘ ቀን ታስታውሳለህ? ድመት ነው አልክ። ድመቷን አባረራት። ሦስት ቀን ደጁ ላይ ስትጮህ አንተ ጆሮህን በትራስ ይዘህ ተኛህ።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«ዛሬም አንተ ልጅ እልሃለሁ» አለች።

ለምን የድሮ ነገር እንደምታነሣ አይገባኝም። እርጅና ነው።

ሰኞ 25

ዛሬ የአባቷን ደብተር አየሁባት። የመድኃኒቱን ሰዓት የጻፈችበትን። ዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ገጽ በገጽ ታነብባለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሰዓቱን ጽፌዋለሁ» አለች። «ልኩን ግን አልጻፍኩም። ስንት ማንኪያ እንደሰጠሁት የትም አልጻፍኩም፤ አውቀዋለሁ ብዬ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ የዶሮውን ከሳትኩ የእሱን እንዳልሳትኩ በምን አውቃለሁ?»

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። እንደ ዶሮ አፌን ከፍቼ ቆሜ አየር ብቻ ወጣ።

«አባትሽ በበሽታው ነው የሞተው» አልኳት። እውነት ነው። ግን ከእውነቱ የሚጠቅማት ክፍል እርሱ አልነበረም።

ረቡዕ 27

ዶሮዎቹን ከመንገዱ ማዶ ላለችው አርቢ ልትሰጥ ነው። እሷ ደግሞ እሑድ በጠዋቱ አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ከተማ ውስጥ አንድ የልብስ መደብር ሠራተኛ ይፈልጋል።

«ልብስ ማንንም አይገድልም» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁ። «እጄን አላምነውም ጋሼ። ለእናቴ ሻይ ስቀዳ እንኳ ስኳሩን ሁለቴ ነው የምቆጥረው።»

ምን ትፈልጋለህ፣ ሽማግሌ? ከዚህ የበለጠ ምን እስክትልህ ነው የምትጠብቀው?

ብነግራት ትጠላኛለች። ይኸው ነው ሌላ የለም። ሚስቶቼ ሄደዋል፤ ልጅ የለኝም፤ በዚህ ዓለም ስመጣ ፊቷ የሚፈታ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሰበብ ስደረድር የከረምኩት ለዚህች አንዲት ምክንያት ነው። አልተኛችም፤ ደክማለች፤ ታማለች፤ ነገ።

ዓርብ 29

ጎሕ ሲቀድ የአውራ ዶሮ ድምፅ ሰማሁ። እኛ ግቢ አውራ ዶሮ የለም።

ወጣሁ። አለቃ የግቢው በር ላይ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ሁለተኛውን ጮኸች። ድምፅዋ መሃሉ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛው አልወጣላትም፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጠብቃ እንደ ሥራ ጨረሰችው።

«ወሩ አለቀ» አለችኝ ስታልፍ። «ውርርድ ውርርድ ነው።»

እህቴ ከላይ መስኮቷን ከፈተች። «ማን አስጮኸሽ?»

«ተሸንፌ ነዋ እማ።»

«ዳኛዋ እኔ ነኝ። አልፈረድኩም» አለች እህቴ። የምታየው ግን ልጇን አልነበረም።

ቀትር ላይ አለቃ ወደ ክፍሌ መጣች። ማንኪያዬን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታልኛለች። ፈትጋ ስላጠበችው ያበራል፤ የጥርሴ ምልክት ብቻ አልለቀቀም።

«ይቅርታ ጋሼ። በሹካ አስበላሁህ።»

«ምንም አይደል» አልኩ። ማታ ሾርባዬን በሹካ ጠጣሁ።

ቅዳሜ 30

33 ዲግሪ። ሙቀቱ አለፈ። ወጪ ወራጁ አየሩ እንዴት ደስ ይላል ይላል።

ዶሮ ቤቱ ባዶ ነው። ጠዋት በሣጥን ጭነው ወሰዷቸው። የእኔም ወገን አብሮ ሄደ። አለቃ ነገ ትሄዳለች። አሁን ሻንጣ ልትገዛ ወጥታለች፤ ስትመለስ እነግራታለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት።

አለቃ፣ አንድ የድሮ ሌባ ሊናዘዝ መጥቷል።

አይሆንም።

አለቃ፣ ውርርዱን ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ፤ ልጩህልሽ።

ይህም አይሆንም። አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራቱም ላይ ቀልድ አለ። ቀልድ የሌለበት ዐረፍተ ነገር በስድሳ ዓመቴ አላውቅበትም። እንደገና።

የአንቺ እጅ አልሳተም። በየቀኑ ቀትር ላይ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዐሥር ማንኪያ ጨመርኩ። ዶሮዎችሽን የገደልኩ እኔ ነኝ።

ይኸው። ወር ሙሉ ደብተር ሞልቼ ያልጻፍኩት ይህ ነበር። ጮክ ብዬ ላነብበው ሞከርኩ፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። እሷ ስትመጣ አሁንም ሁለተኛው ላይ እንደምቆም አውቃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። የሻንጣውን ቀለም እያየሁ አሾፋለሁ፤ አውቶቡሱ ድረስ እሸከምላታለሁ፤ እጄን አወዛውዛለሁ።

ከላይ በር ተከፈተ።

አለቃ አይደለችም። እሷ ስትሄድ የእግሯ ድምፅ አይሰማም። ይህ ዱላ ነው፤ ድንጋይ ላይ። አንድ። ብዙ ቆይቶ ሁለት።

እህቴ ደረጃውን እየወረደች ነው። ዓመት ሙሉ ያልወረደችውን። ማንም አልያዛትም።

ሦስት። አራት። አራተኛው ላይ ቆማለች፤ ትንፋሿ እዚህ ድረስ ይሰማል። ተነሥቼ ክንዷን ልይዝ ይገባኛል። እኔ እየጻፍኩ ነው።

ከእሷ መስኮት ዶሮ ቤቱ፣ በርሜሉ፣ መደርደሪያው በሙሉ ይታያል። «ጆንያው በግራ በኩል መስሎኝ» ያለችኝ በ13 ነው። ከያኔ ጀምሮ ታውቃለች። ጨው ይገድላል ብላ አላሰበችም እንጂ ታውቃለች። ከሞቱ በኋላ ደግሞ እኔ እስክናገር ጠበቀችኝ።

ሰባት። ስምንት።

ዘጠኝ።

በሩን በዱላዋ ጫፍ መታችው። «አንተ ልጅ» አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። «ልጄን አውቶቡስ ሳይወስድብኝ ክፈት። ስትነግራት አጠገብህ ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

ደብተሩን አልዘጋውም። ይህን ገጽ እንደተከፈተ ትቼ፣ እንዳይገለበጥ ማንኪያውን እላዩ ላይ አስቀምጬ፣ ልከፍትላት ነው።